ሞግዚት ፕሮቲኖችና ካንሰር፦ የአድማጮች ጥያቄና የሐኪሙ መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሞግዚት ፕሮቲን የሚባለው ምንድን ነው? ከካንሰር ጋርስ ምን አገናኘው?

መልስ፦ ፕሮቲን መጀመሪያ ሲሠራ ረጅም ክር ነው። ሥራ የሚጀምረው ተጣጥፎ ቅርጹን ሲይዝ ነው። ሞግዚቶቹ ክሩ በስህተት እንዳይታጠፍና ከሌላው ጋር እንዳይጣበቅ ይጠብቁታል። ብዙዎቹ ሴል ሙቀት ሲጸናበት ስለሚበዙ የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲን፣ በአጭሩ ኤችኤስፒ፣ ይባላሉ። ፌሩቺዮ ሪቶሳ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ለሙቀት የሚሰጠውን ይህን ምላሽ በፍሬ ዝንብ ላይ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ጽፎበታል።

የካንሰር ሴል ኦክስጅን እያነሰው፣ በጥድፊያ እየተባዛ፣ የተዛቡ ፕሮቲኖችን ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ኸርቱ፣ ኪት፣ የተለወጠው ቢራፍ የሚባሉት ዕጢውን የሚያሳድጉ ፕሮቲኖች ኤችኤስፒ 90 የተባለው ሞግዚት ካልደገፋቸው ይፈርሳሉ። ይህ ሞግዚት በጤናማ ሴል ውስጥም ከጠቅላላው ፕሮቲን 1 እስከ 2 በመቶ ያህል ይሆናል። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሞግዚቱን አግዶ ካንሰሩን መግደል ለምን አልተቻለም?

መልስ፦ ብዙ ተሞክሯል። የመጀመሪያው ጌልዳናማይሲን ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ሲሆን ጉበት ስለሚጎዳ ለሰው አልሆነም። ከእሱ በኋላ የመጡትም ሁለት እንቅፋት ገጠማቸው። አንደኛ፣ ኤችኤስፒ 90 ሲታገድ ኤችኤስኤፍ 1 የተባለው የማንቂያ ፕሮቲን ይለቀቅና ኤችኤስፒ 70ን ያበዛል፤ ሴሉ አንዱን ሞግዚት ቢያጣ በሌላው ይደገፋል። ሁለተኛ፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት ጤናማውም ሴል ይህን ሞግዚት ይፈልገዋል። ስለዚህ ተቅማጥ፣ የጉበት ጉዳት፣ በአንዳንዶቹ መድኃኒቶች ደግሞ የዕይታ ችግር ይመጣል። ጋኔቴስፒብ የተባለው በሳንባ ካንሰር ላይ የመጨረሻው ምዕራፍ ሙከራ ላይ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ጥቅም ስላላሳየ ቆመ።

አንዱ ግን ተሳክቶለታል። ፒሚቴስፒብ እ.ኤ.አ. በ2022 በጃፓን ጂስት ለሚባለው የጨጓራና አንጀት ዕጢ ተፈቅዷል። በቀን 160 ሚሊግራም በባዶ ሆድ ለ5 ቀን ይወሰድና 2 ቀን ይታረፋል። በሙከራው በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ ከ1.4 ወር ወደ 2.8 ወር ከፍ ብሏል። ሌሎች መድኃኒቶች ላልያዙለት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ፈውስ ብላችሁ እንዳትሰሙት አደራ።

ጥያቄ፦ ኤችኤስፒን በደም ለክቶ ካንሰር መኖሩን ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ በእሱ ብቻ አይቻልም፤ ኢንፌክሽንም ከባድ ስፖርትም ከፍ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ካንሰር ሙቀት አይችልም ስለተባልን ኬሞ ላይ ያለችውን እናታችንን ማታ ማታ እንፋሎት እናስገባታለን። ትኩሳት ሲይዛትም ካንሰሩን ያቃጥላል ብለን እንተወዋለን። ልክ ነን?

መልስ፦ ልጄ፣ ዛሬውኑ አቁሙ። በፍቅር እንደምታደርጉት ይገባኛል፤ ግን እናትሽን ለአደጋ እያጋለጣችኋት ነው።

በሆስፒታል የሚሰጥ የሙቀት ሕክምና አለ። ዕጢው ከ40 እስከ 43 ዲግሪ ይሞቃል፣ ሙቀቱ በመለኪያ ክትትል ይደረግበታል፣ ከጨረር ወይም ከኬሞ ጋር ይቀናጃል። በተከታታይ ቀናት አይደጋገምም፤ ምክንያቱም ከሙቀት የተረፈ ሴል ሞግዚቶቹን አብዝቶ ለተወሰኑ ቀናት ሙቀት ይለምዳል። የቤት እንፋሎት ግን ቆዳን እንጂ ውስጥ ያለውን ዕጢ እዚያ ዲግሪ አያደርሰውም። የሚያደርሰው የፈሳሽ ማነስ፣ የደም ግፊት መውረድና መውደቅ ነው። እንደ ሲስፕላቲን ያለ ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት ከወሰደች ደግሞ ፈሳሽ ማጣቷ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ትኩሳቱ ከዚህም ይብሳል። ከኬሞ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው፣ ተህዋስያን የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች በጣም ይቀንሳሉ። ያን ጊዜ ትኩሳት ብቸኛው የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥም ወደ ደም መመረዝ ይሄዳል። ቴርሞሜትር ቤት ይኑር። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ሳትለኩ ፓራሲታሞል አትስጧት፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። በፊንጢጣም አትለኩ። እንደደረሳችሁ መጀመሪያ «ኬሞ ላይ ናት» በሉ፣ የመጨረሻው ኬሞ የተሰጣትን ቀን ንገሩ፤ አንቲባዮቲኩ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ብርድ ብርድ ካላት ወይም ከተዝለፈለፈች ቴርሞሜትሩ 38 ባይልም ሂዱ።

ሁልጊዜ የምለውን እደግመዋለሁ፦ ሐኪሟን ሳትጠይቁ አትጨምሩ፣ ሳትጠይቁም አትቀንሱ።

ጥያቄ፦ ኤችኤስፒ 90ን ይገታል የሚል ከተክል የተሠራ እንክብል አግኝቻለሁ። ከኬሞው ጋር ልውሰደው?

መልስ፦ አይውሰዱ ወንድሜ። በላብራቶሪ ሳህን ላይ ሴል የገደለ ሁሉ በሰው ደም ውስጥ ያን መጠን አይደርስም። አንዳንዱ ደግሞ መድኃኒት የሚያስወግደውን የጉበት ኢንዛይም ያዛባል፤ ኬሞው ወይ ይመርዛል ወይ ሳይሠራ ይቀራል። ጠርሙሱን ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ። ሳይጠይቁ አይጨምሩ።

ጥያቄ፦ የጡት ካንሰሬ ኸርቱ ፖዘቲቭ ነው። ትራስቱዙማብ ትቼ የሞግዚት ማገጃውን ልጠብቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም። ትራስቱዙማብ ዕድሜ እንደሚያራዝም የተረጋገጠ መድኃኒት ነው፤ ማገጃዎቹ ለጡት ካንሰር አልተፈቀዱም። አንድም ቀጠሮ አትዝለይ፣ የልብ ምርመራሽንም በየጊዜው አድርጊ። ለአንቺ የሚሆን ሙከራ ይኖር እንደሆነ የፓቶሎጂ ውጤትሽን ይዘሽ የካንሰር ስፔሻሊስትሽን ጠይቂ።