አጀንዳው ከጉባኤው በፊት ይድረሰን

የተከበራችሁ የከተማችን የጎንደር ምክር ቤት አባላት፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የሀገር ሽማግሌዎች፣ የእድር ዳኞች፣ እናቶችና ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ? ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራው ስለ ምክር ቤቱ የዘወትር ሥራ ነው። ስለ ዲች፣ ማለትም ስለ ጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ፣ ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ ቅዳሜ ገበያ መደብ፣ ስለ ባጃጅ ታሪፍ፣ ስለ ኮብልስቶን መዋጮ። እነዚህ ዜና አይሆኑም። ሰው ግን ከመንግሥት ጋር በየቀኑ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። አንዲት እናት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ቧንቧ ስር ጀሪካን ስትደቅን፣ ያንን ሰዓት የደለደለ ሰው አለ። ድልድሉ መቼ ተወሰነ? በማን? እሷን የጠየቃት ነበር?

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ምክር ቤቱ ሊወስንበት ያሰበው ጉዳይ፣ ከመወሰኑ በፊት ይድረሰን። በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በቴሌግራምም በፌስቡክም ይውጣ። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደግሞ በእድር፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በር ይነገር። ከጉባኤው ሳምንት ቀድሞ ቢደርሰን ይበቃናል።

ለምን ይሄን ያህል አጥብቄ እንደያዝኩት ላስረዳ። አንድ ጉዳይ ምክር ቤት የሚደርሰው ረጅም መንገድ ሄዶ ነው። መጀመሪያ ጽሕፈት ቤት ያዘጋጀዋል። ካቢኔ ያየዋል። ቋሚ ኮሚቴ ይመረምረዋል። ከዚያ ወደ ጉባኤ ይቀርባል። ጉባኤ ላይ ሲደርስ ብዙው ነገር አልቋል። በየከተማው የተለመደው ደግሞ ወፍራሙ ሰነድ ለአባላቱ ጠዋት ታድሎ ከሰዓት እንዲጸድቅ ነው። አብዛኞቹ አባላት መምህር፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ሌላ ሥራ አላቸው። ያንን ሁሉ ገጽ በአንድ ምሳ ሰዓት አንብቦ የሚጨርስ ሰው የለም። ታዲያ እነሱ ያላነበቡትን እኛ በምን እናውቃለን?

ትንሽ ስለ በጀት ልቆይ፤ ገንዘቡም ጭቃውም እዚያ ነውና።

የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ሐምሌ ጎንደር ላይ ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። ዝናቡ እስከ መስከረም አይለቅም። ገንዘቡ ቢጸድቅም ድንጋይ አይነጠፍም፣ ዲች አይቆፈርም። መስከረም በበዓል ያልፋል። ጥቅምት ላይ ጨረታ ለማውጣት ሰነድ ይዘጋጃል። ጨረታው ይወጣል፣ ይከፈታል፣ ቅሬታ ይቀርባል፣ ውል ይፈረማል። እንዲህ እያለ ጥር ይሆናል። ጥር ደግሞ ጥምቀት ነው። ኮንትራክተሩ ሥራውን የካቲት ላይ ቢጀምር ግንቦት ሳያልቅ ዝናቡ ይደርስበታል። ሰኔ 30 ደግሞ ዓመቱ ይዘጋል። ስለዚህ ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ በጥድፊያ ይሠራል። የተጣደፈ ኮብልስቶን በሁለተኛው ክረምት ይነቀላል። ይሄንን ሁላችሁም በእግራችሁ ታውቁታላችሁ።

መፍትሔው የሚገኘው ምክር ቤቱ አጀንዳ በሚይዝበት ወር ላይ ነው። የሚቀጥለው ዓመት የመንገድና የዲች ዝርዝር ሚያዝያ ላይ ለሕዝብ ቢቀርብ፣ የትኛው ሰፈር ይቅደም የሚለው ክርክር ክረምቱ ሳይገባ ያልቃል። የጨረታ ሰነዱ በክረምቱ ይዘጋጃል። መስቀል እንዳለፈ ሥራ ይጀመራል። ያሉትን ዲቾች ማስጠረግም እንዲሁ ነው። ግንቦት ላይ ተወስኖ ካልተጠረገ፣ ነሐሴ ላይ ጎርፍ ቤቱ የገባበትን ሰው እየዞሩ ማጽናናት ብቻ ይቀራል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

ውሃውም ከዚህ አይርቅም። ከተማችን ውሃ የምታገኝበት አንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ እንደሆነ ከታወቀ ቆይቷል። ደለሉ የሚመጣው ከላይ ካለው ተዳፋት ነው፤ ከታረሰውና ዛፉ ከተመነጠረው። ስለዚህ የፈረቃ ጉዳይ ሲነሳ የእርከንና የችግኝ ጉዳይ አብሮ መነሳት አለበት። ሁለቱ በተለያየ ጽሕፈት ቤት፣ በተለያየ ሪፖርት ከቀረቡ ማንም አያገናኛቸውም። ሕዝብ ቀድሞ አጀንዳውን ቢያየው ግን፣ ከላይ የሚያርሰው ገበሬም ከታች የሚጠማው ከተሜም አንድ አዳራሽ ይገናኛሉ።

አሁን ከባድ ነገር አነሳለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ግን ካላነሳሁት ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል።

ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ። ከቀሃ ወንዝ በተሳበ ውሃ ገንዳው ይሞላል። በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጥምቀትን በዓል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። ሁላችንም ደስ አለን። በዚያው ዓመት ጥምቀት ላይ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ተጎዱ። ነፍስ ይማር።

ማንንም ለመውቀስ አይደለም ያነሳሁት። የመቀመጫ ጉዳይ ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። እንጨቱ ስንት ሰው ይችላል? ማን አየው? ማን ፈረመ? ሰው ሲበዛ በሩን የሚዘጋው ማነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከማንም ከተማ የዘወትር አጀንዳ መሀል የሚገኙ ናቸው። ኅዳር ላይ በይፋ ቢነሱ አናጢው ይናገራል፣ መሐንዲሱ ይናገራል፣ በየዓመቱ እዚያ የሚቆሙት ወጣቶች ይናገራሉ። ትንሽ ጉዳይ የሚባል የለም ስል ያንን ቀን እያሰብኩ ነው።

ሌላም ልጨምር፤ አጭር ነው። የመጨረሻው ሀገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ጎንደር 207,044 ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው ግምት ነው። ስንት ልጅ ትምህርት ቤት እንደሚገባ፣ ስንት ቤት ውሃ እንደሚፈልግ፣ ከገጠር ተፈናቅሎ የመጣው ስንት እንደሆነ፣ ከወረቀቱ ይልቅ የሚያውቀው ሰፈሩ ነው። የእድር መዝገብ የማያውቀው ቤት ጥቂት ነው። ምክር ቤቱ ይህን እውቀት ማግኘት የሚችለው ሳይወስን ከጠየቀ ነው።

ስለ ድምፅ አሰጣጥም የሚያሳስበኝ አለ። ውሳኔዎች «በሙሉ ድምፅ ጸደቁ» ሲባል እናጨበጭባለን። እኔ በየጊዜው እንዲህ ሲሆን ልቤ አይረጋም። በከተማችን ማራኪ በሚባለው ሰፈር የሚኖረውና አዘዞ የሚኖረው ሰው ችግራቸው አንድ አይደለም። አራዳ ያለው ነጋዴና ዳር ላይ ጭቃ ቤት የሠራው ሰው ስለ ቦታ ኪራይ አንድ ሐሳብ ሊኖራቸው አይችልም። ተወካዮቻቸው ሁልጊዜ አንድ ላይ እጅ ካወጡ አንዱ ሰፈር ሳይወከል ቀርቷል ማለት ነው። የተቃወመ ይቃወም፣ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገም ምክንያቱን ይናገር። ቃለ ጉባኤው ላይም ይስፈር። ቃለ ጉባኤው ደግሞ ካዝና ውስጥ አይቆለፍበት። ማን ምን እንዳለ አንብበን በሚቀጥለው ምርጫ እናስብበት።

ይሄ የኔ ምኞት ብቻ አይደለም፤ ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። አንቀጽ 43 ደግሞ ሕዝቡ አካባቢውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል ይላል። ወረቀቱ አለ። ልምዱ ነው የጎደለን።

እኛም ነዋሪዎቹ ድርሻ አለብን። ስብሰባ ሲጠራ የሚመጡት ያው የታወቁ ሰዎች ናቸው። በእርግጥ ሰዓቱም አይመችም። በሥራ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት የሚጠራ ስብሰባ ላይ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት አትገኝም፤ የዕለት ጉርሷ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው። ዓርብ ጁምዓ ነው። እሑድ ቅዳሴ ነው። ስለዚህ በሥራ ቀን ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ቢሆን ሸማችም ነጋዴም ይመጣል። ሴቶች ተጠይቀው ሰዓቱን ይምረጡ። ውሃ የሚቀዱትም ገበያ የሚወጡትም እነሱ ናቸው፤ ስለ ፈረቃና ስለ መደብ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህች ከተማ አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሯት ጀምሮ ብዙ ዐዋጅ ሰምታለች። ያን ጊዜ ውሳኔ ከግቢ ይወጣ ነበር፤ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። ዛሬ ግን እናንተን የመረጥናችሁ እኛ ነን።

ስለዚህ የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የሚቀጥለው መደበኛ ጉባኤ አጀንዳ ከሳምንት በፊት በየቀበሌው እንዲለጠፍ በይፋ እጠይቃለሁ። ከጉባኤው በኋላም ውሳኔው፣ የድምፁ ቆጠራና የተመደበው ገንዘብ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይውጣ። ጥያቄውን በጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ከመድረኩ እንደወረድኩ ለጽሕፈት ቤቱ አስረክባለሁ። አብሮኝ መፈረም የሚፈልግ ወረቀቱን ከበሩ ጎን ካለው ጠረጴዛ ላይ ያገኘዋል። ሐሳቤ ስህተት ነው የምትሉም ሳትሄዱ እዚሁ ንገሩኝ፤ ማይኩን ለናንተ እሰጣለሁ።

አመሰግናለሁ።