አተር በር ዘግቶ ነው የሚያገባው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃን፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ግቢያችን ውስጥ ነጭና ወይን ጠጅ አበባ ያላቸው አተሮች አሉ። የወይን ጠጁን አበባ ዱቄት በጥጥ ነጩ አበባ ላይ ነካካሁ። ዘሩን መልሼ ብዘራው ግን ያው ነጭ ወጣ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዘግይተሃል። አተር በር ዘግቶ ነው የሚያገባው፤ አበባው ሲፈነዳ የራሱ ዱቄት የራሱን ሴቴ ነክቶ አብቅቷል። ስለዚህ እምቡጥ ሳለ ቅደመው። ነጩ የአበባ ቅጠል ከአረንጓዴው ሽፋን ብቅ ያለ፣ ግን ገና የተጠቀለለ እምቡጥ ምረጥ። ነገ ይፈነዳል የምትለው ዓይነት ነው። ትልቁን ቅጠል በቀስታ ገልጠህ፣ ከታች እንደ ከረጢት የተጣበቁትን ሁለቱን በቀጭን ወረንጦ ሰንጥቅ። ውስጡ 10 ወንዴዎች አሉ፤ አንድም ሳይቀር ልቀም። ቢጫ ዱቄት በጣትህ ላይ ካየህ ያንን እምቡጥ ተወው፣ አልፎበታል።

ከዚያ ገና ከፈነዳው ወይን ጠጅ አበባ ሴቴውን ቁረጥ። ጫፉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ዱቄቱን ይዘውልሃል፤ ከጥጥ የተሻለ ብሩሽ ነው። በእናቲቱ፣ ማለትም በነጩ አበባ ሴቴ ጫፍ ላይ ቀባ ቀባ አድርግ። ቅጠሎቹን መልሰህ ክደን፣ እንዳይደርቅ። ክር እሰርበት። አብረውት ያሉትን ሌሎች አበቦች ቀንጥስ። ከያዘ በጥቂት ቀናት አረንጓዴ ሆኖ ይረዝማል፤ ካልያዘ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ቢረግፍብህ አትናደድ፣ የለመደ እጅም ይስታል።

እናቲቱን ነጭ ማድረግህ ደግሞ ጎበዝ ያሰኛል። ወይን ጠጅ ያይላል፤ የሚቀጥለው ትውልድ ወይን ጠጅ ካበበ ማዳቀሉ ሠርቷል። የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው መነኩሴ ሜንዴል ከ1856 እስከ 1863 (እ.ኤ.አ.) በብርኖ (በዛሬዋ ቼክ) ገዳም ግቢ የሠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

ከሰሜን ወሎ፣ ገበሬ፦ ያገር አተርና የተሻሻለው አተር ጎን ለጎን ናቸው። ይበላሽብኛል ወይ?

መልስ፦ አይስጉ፣ በራሱ የሚዳቀለው እጅግ ጥቂት ነው። የሚያስቸግረው ሆን ብሎ ማዳቀሉ ነው። ያገር አተር የሚባለው ትንሹ አተር የክሮሞዞም፣ ማለትም የዘር ባሕርይ ተሸካሚዎቹ፣ አደራደሩ ከሌላው አተር ይለያል፤ ድቅሉ ቢበቅልም ብዙ አበባው ዘር አይሰጥም። ከውድማ ሲያነሱ ዘር እንዳይቀላቀል ግን ይጠንቀቁ፣ አብዛኛው መደባለቅ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከሐይፋ፣ እናት፦ በጸደይ ድንጋያማው ተራራ ላይ ብርቱካናማ አበባ ያለው አተር መሳይ አያለሁ። ምንድን ነው?

መልስ፦ የዱር አተር ሳይሆን አይቀርም፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፒሱም ፉልቩም የሚባለው። ተመራማሪዎች የሚፈልጉት በነቀዝ ምክንያት ነው። የአተር ነቀዝ ትል እሸቱ ውስጥ ገብቶ ፍሬውን ይቦረቡራል፤ የዚህ የዱር አተር ፍሬ ግን ይቋቋመዋል። ሲያዳቅሉት የእርሻው አተር እናት፣ የዱሩ አባት ይሆናል። በተገላቢጦሹ አብዛኛውን ጊዜ አይይዝም። የተገኘውን ድቅል ደግሞ ከእርሻው አተር ጋር ደጋግመው ያዳቅሉታል፣ አለበለዚያ የዱሩ ጠባይ፣ በተለይ ሲደርቅ ፈንድቶ ፍሬውን መበተኑ፣ አብሮ ይመጣል።