እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ።

በዚህ ሰመር ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለው ኦሃዮፓይል ስቴት ፓርክ ሄደን ነበር። በመኪና ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። መግቢያ አይከፈልም።

እዚያ ሜዶው ረን የሚባል ጅረት አለ። ውሃው የአሸዋ ድንጋዩን ስንት ዘመን ሲቦረቡረው ኖሮ ጠባብ፣ ጠመዝማዛ ቦይ አውጥቷል። ቦዩ ውስጥ ቁጭ ትላላችሁ፣ ይወስዳችኋል። በቃ። ፓምፕ የለ፣ ቲኬት የለ፣ ፊሽካ የሚነፋ ሰው የለ።

እኔን ያሳሰበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ሰው በሠራው መንሸራተቻ ላይ አንድ ልጅ ቆሞ «ሂዱ» ይላችኋል። ከዚያ ወዲያ ኃላፊነቱ የእሱ ይመስለናል። እዚህ ግን ውሃውን ራሳችሁ ታያላችሁ፣ ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ዝናብ ሲጥል ይሞላና ከድንጋይ ጋር ያላትማል። ሲጎድል ደግሞ መቀመጫ ይልጣል።

እኔ ደግሞ ወንዝን በፍርሃት የተማርኩ ሰው ነኝ። እናቴ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ትላለች። ተደብቀን ዋኝተን ስንመጣ ፀጉራችንን ዳብሳ ታውቅብን ነበር፤ ከዚያ አለንጋ። ታዲያ ዳር ቆሜ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሳቀ በውሃ ሲወሰድ ሳይ፣ የእናቴ ተረት ፊት ለፊቴ እየተፈጸመ ነበር።

ብዙ ቆሜ ካየሁ በኋላ ወረድኩ። ድንጋዩ ሙልጭልጭ ነው፣ የሚያዝ ነገር የለውም። ለማቆም የሞከረ ክርኑን ይመታል። እኔም መትቻለሁ፣ ግን ደግሜ ወረድኩ።

በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1754 ጆርጅ ዋሽንግተን ገና ወጣት መኮንን ሳለ እዚህ መጥቶ ነበር። ሜዶው ረን የሚገባበትን የዮካጌኒ ወንዝ ተከትሎ፣ ፈረንሳዮች ወደያዙት ወደ ዛሬው ፒትስበርግ ጦሩን በውሃ ማውረድ ፈልጎ ነው። ወንዙ ላይ ያለውን ፏፏቴ ሲያይ ሐሳቡን ተወው። ስለ ዋሽንግተን ብዙ ጀብዱ ይወራል፤ እኔ ግን ውሃውን አይቶ መተዉን ነው የወደድኩለት።

የምትሄዱ ካላችሁ ወፍራም ቁምጣና የማያንሸራትት ጫማ ያዙ። በጠዋት ድረሱ፣ ፓርኪንጉ ቶሎ ይሞላል። ልጆች ካሉ መጀመሪያ እናንተ ውረዱ። በዋዜማው ዶፍ ጥሎ ከሆነ ግን ጅረቱን ተዉትና ፏፏቴውን አይታችሁ ተመለሱ።