በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፣ ስለ ሜዳው ግን እንቆጣለን

(በደብረ ብርሃን የሰፈር ልጆች የገና ጨዋታ ውድድር መዝጊያ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ አባቶችና እናቶች፣ ውድድሩን ያዘጋጃችሁ ወጣቶች፣ ከሁሉም በላይ ሩር ስታሳድዱ ጉልበታችሁ የተላጠ ልጆች፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ከአሁኑ የምትስቁ አላችሁ። ግማሾቻችሁን አስተምሬያችኋለሁ፤ ፊሽካ የለመደ የስፖርት መምህር ማይክ ሲያገኝ በአሥር ደቂቃ እንደማይለቅ ታውቃላችሁ።

አዘጋጆቹ «ጋሼ፣ ልጆቹን የሚያነቃቃ ነገር ይበሉልን» አሉኝ። ስለ አበበ ቢቂላ እንዳወራ ጠብቀው ይሆናል። አበበን ማን ያጣዋል? ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ የአይስ ሆኪ ተጫዋች ነው። አዎ፣ በረዶ ላይ ስለሚጫወት ሰው። አዲስ አበባ ላይ ባወራው ግራ የሚገባው ይበዛ ነበር። እናንተ ግን ማታ ደጅ የተረሳ የጣሳ ውሃ ጠዋት በረዶ ሰርቶ እያያችሁ ነው ያደጋችሁት።

ልጄ የምትኖረው ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። ልጠይቃት ሄጄ የልጅ ልጄ ጨዋታ ላይ ወሰደችኝ። ቁጭ ብዬ ሳይ ነገሩ የኛው ገና ነው! ጫፉ የተቆለመመ ዱላ አለ። በሩር ፈንታ ፓክ የሚሉት ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ አለ፤ 170 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በትልልቆቹ ጨዋታዎች እንዳይነጥር አስቀድመው ያቀዘቅዙታል። ከየቡድኑ ስድስት ሰው ይገባል፤ አንዱ በረኛ ነው። ጫማቸው ሥር ስለት አለ። ተጫዋቹ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ይሮጥና ደቂቃ ሳይሞላው ይወጣል፤ ሌላው አጥሩን ዘሎ ይገባል። የልጅ ልጄ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ተደፍቶ ሲያለከልክ «ልጁ ታመመ!» ብዬ ተነሳሁ። ልጄ ኮቴን ጎትታ አስቀመጠችኝ። እሱ እቴ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ገባ።

የዊሊ ኦሪን ታሪክ የሰማሁት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ፍሬድሪክተን በምትባል የካናዳ ከተማ ተወለደ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ዊሊ ጥቁር ነው፤ ለቤቱ የ13 ልጆች መጨረሻ። ብርዱ ሲገባ አባቱ ጓሮውን በውሃ እያርከፈከፉ የበረዶ ሜዳ ያደርጉለት ነበር። ይህችን ያዙልኝ። ልጁ በረዶ ላይ መንሸራተት የጀመረው በሦስት ዓመቱ ነው።

በ1949 ከቤዝቦል ቡድኑ ጋር ኒውዮርክ ሄደ። እዚያ ጃኪ ሮቢንሰንን አገኘ። ሮቢንሰን ከሁለት ዓመት በፊት የነጮች ብቻ የነበረውን ትልቁን የቤዝቦል ሊግ የሰበረ ጥቁር ነው። ልጁ ቤዝቦልም ሆኪም እንደሚጫወት ነገረው። ሆኪ የሚጫወት ጥቁር ልጅ መኖሩ ሮቢንሰንን ራሱን ገረመው። እስቲ አስቡት፣ ያን ሁሉ ግድግዳ ያፈረሰ ሰው!

ከዚያ ጉዱ መጣ። ዊሊ በ20 ዓመቱ ሲጫወት ፓክ ተወርውሮ ቀኝ ዓይኑን መታው። የዓይኑ ብርሃን 95 በመቶ ጠፋ። ሐኪሙ «ሆኪ በቃህ» አለው። እሱ ምን አደረገ? ዝም አለ። ብዙም ሳይቆይ ወደ በረዶው ተመለሰ። ለቡድኑ ትንፍሽ አላለም፤ ቢታወቅ ኤን.ኤች.ኤል የሚባለው ትልቁ የሆኪ ሊግ አንድ ዓይና ተጫዋች አያስገባም። ደግሞ የሚጫወተው በግራ ክንፍ ነው። በግራ የቆመ ሰው ፓኩ የሚመጣለት ከቀኙ ነው፤ እሱ ደግሞ የማያየው በቀኙ! አንገቱን እስከ ትከሻው አዙሮ በግራ ዓይኑ ፓኩን ይፈልጋል። አንገቱን ሲያዞር ደግሞ ከወዲያ የሚመጣበትን ሰው አያይም። ያ ሰው ግመል የሚያክል ነው፤ እየመጣ ያለውም ሊገጨው ነው። በሆኪ መግጨት ይፈቀዳል።

ጃንዋሪ 18 ቀን 1958፣ በኛ ጥር 10 ቀን 1950፣ እኛ ከተራ ላይ ታቦት ስናጅብ፣ ዊሊ ኦሪ የቦስተን ብሩይንስን ማልያ ለብሶ ሞንትሪያል ላይ ገባ። በትልቁ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ቡድኑ 3 ለ 0 አሸነፈ። ከሁለት ጨዋታ በኋላ ወደ ታችኛው ሊግ መለሱት። በኋላ እንደገና ጠሩትና 43 ጨዋታ ጨመረ። ተሰደበ። አፍንጫው ተሰበረ፤ የፊት ጥርሶቹ ወለቁ። በትልቁ ሊግ ያለው ጠቅላላ ድምር 45 ጨዋታ፣ 4 ጎል ነው። የቀረውን ዘመኑን በትንንሽ ሊጎች እስከ 1979፣ እስከ 43 ዓመቱ ተጫወተ። እዚያ ወደ ቀኝ ክንፍ ሲያዛውሩት ጎሉን ያዘንበው ጀመር። ዓይኑ ወደ ሜዳው ዞረለታ! ሁለት ጊዜ የሊጉ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ። በ2018 የሆኪ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ያስገባው በዋናነት ከጡረታው በኋላ ለልጆች የሠራው ሥራ ነው። በ2022 ብሩይንስ 22 ቁጥሩን ማንም እንዳይለብሰው ሰቀለለት።

ይህን ታሪክ የሚያወራ ሁሉ ስለ ወኔው ነው የሚያወራው። ወኔ እኛ ጋ ሞልቷል። መንዝና ተጉለት ወኔ የሚያበድር እንጂ የሚበደር አገር አይደለም። እኔን የበላኝ ጓሮው ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ጓሮ!

ኤድመንተን በየሰፈሩ የነዋሪዎች ማኅበር አለ። ማኅበሮቹ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ብዙዎቹ በክረምት የበረዶ ሜዳ ይሠራሉ። አንድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በመስኮት አየሁ። ጺሙ ላይ ውርጭ የጋገረ ሰውዬ ቱቦ ይዞ ሜዳውን ውሃ ያጠጣል። በአንዴ አያፈስም፤ ስስ አድርጎ ያርከፈክፋል፣ ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ይደግማል። ጠዋት ልጄን «ስንት ይከፍሉታል?» አልኳት። «ምንም፣ የጎረቤት ሰው ነው» አለችኝ።

ከኤድመንተን አጠገብ ስፕሩስ ግሮቭ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ግራንት ፉር የሚባለው ጥቁር በረኛ ያደገው እዚያ ነው፤ ከኤድመንተን ኦይለርስ ጋር የትልቁ ሊግ ሻምፒዮን የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫ 5 ጊዜ በላ። በሌላ በኩል ሴንት አልበርት አለች። እዚያ አባቱ ናይጄሪያዊ የሆነ ጃሮም ኢጊንላ የሚባል ልጅ አደገ። ፉርን አይቶ መጀመሪያ በረኛ ነበር የሆነው። ከዚያ አጥቂ ሆነ፤ 625 ጎል አገባ። በ2002 ከካናዳ ጋር ወርቅ ሲያገኝ በክረምት ኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። እነዚህ ልጆች ከሰማይ አልወረዱም። በእግር ተሄዶ የሚደረስበት ሜዳ ነበራቸው። ፕሮፌሽናል የሚባለው ሰው በ18 ዓመቱ ክለብ ሲመርጠው እኛ እናጨበጭባለን፤ ሥራው ግን ያለቀው በአምስትና በስድስት ዓመቱ፣ ማታ ቱቦ በያዘው ሰውዬ እጅ ነው!

እኛስ?

እኛም ሜዳ ነበረን። የቱን እንደምል ታውቃላችሁ። ያጠረውን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ ስም መጥራት ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ አይደለም። ቆርቆሮ መጣ፣ ምሰሶ ተተከለ፣ «ለልማት ነው» ተባለ። እሺ አልን። ልማት የሚጠላ ማን ነው? እኔ ራሴ አባቴ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ በሚያመጡት ደመወዝ ነው ያደግሁት። ፋብሪካ ይምጣ፣ እሰየው! ግን ያ ቆርቆሮ ዛገ፤ ውስጡ አሜኬላ በቀለ። አንድም ልማት አልገባበትም። የገባበት የጥበቃው በግ ነው!

ልጆቹ ራሳቸው ማመልከቻ ጽፈው ሄዱ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ሌላ ቀንም ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጨረሻ አንዱ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብሎ መለሳቸው። እኛ ትልልቆቹ ያቦካነውስ? ይኸው ስንት ዓመት ኩፍ ሳይል!

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። ልክ ነው፤ ሩር እግሬን ቢመታኝ አልቆጣም። ሜዳው ሲወሰድ ግን እቆጣለሁ። እናንተም ተቆጡ! እነዚህ ልጆች ዛሬ የተጫወቱት በታጨደ ገብስ ማሳ ላይ ነው። አገዳው ቁርጭምጭሚታቸውን እየወጋ። ማሳቸውን የፈቀዱልን አባት እዚህ ተቀምጠዋል፤ እግዜር ይስጥልን። ግን ሰኔ ሲገባ ያርሱታል፤ ማረስም አለባቸው። ልጆቹ ከዚያ በኋላ የት ይሂዱ? አስፋልት ላይ? የሲኖትራክ መንገድ ላይ?

«በረዶና ሆኪ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል ካለ አጭር መልስ አለኝ። አበበ ቢቂላ ከመኪና አደጋው በኋላ በ1971 ኖርዌይ ሄዶ ውሻ በሚጎትተው ተንሸራታች በረዶ ላይ ተወዳድሮ አሸንፏል። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እና በ2010 ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። ናይሮቢ ላይ የኬንያ ልጆች ሆኪ ይጫወታሉ። እኔ ግን የበረዶ ሜዳ አልጠየቅሁም። ሣር ይበቃናል።

ስለ ማልያና ስለ ጫማ፣ ስለ ሴት ልጆች ቡድንም ልናገር ጽፌ ነበር። ሰዓቱ አልፏል፤ አዘጋጁ ልጅ ዓይኑን እያጉረጠረጠብኝ ነው። የሴቶቹን ቡድን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፤ በሚቀጥለው ዓመት ካልገቡ እኔን አትጥሩኝ።

አዲስ ማመልከቻ ተዘጋጅቷል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ግንባታ እስኪጀመር ድረስ በሩ ተከፍቶ ልጆቹ ይጫወቱበት። የከተማው ተወካዮችም እዚሁ ስላላችሁ አንድ ቅጂ በእጃችሁ እንሰጣችኋለን፤ ስብሰባ ላይ ናቸው እንዳይባል። ወረቀቱ መውጫው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስም፣ ቀበሌ፣ ፊርማ። እስክሪብቶ ሁለት ብቻ ስለሆነ የራሳችሁ ያላችሁ አውጡ። አሁን አሸናፊዎቹ ይምጡ፣ ዋንጫውን እንስጥ።