የእሁዱ ሩብ ሰዓት

እሺ። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር ላወራችሁ ያሰብኩት። ማስታወሻውም እዚህ ጠረጴዛው ላይ አለ። ግን አባዬ አንድ ነገር ጠይቆኝ ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ አልሰበሰብ አለ። ስለዚህ እሱን ላውራ።

አባዬን ታውቁታላችሁ። ሰዓቱንም ታውቃላችሁ። አዎ፣ ያው ባለ ፔንዱለሙ የሳሎን ሰዓት። ሞላው ተበጥሶ ፒያሳ ሰዓት ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ሞላው ተቀየረ፣ ጥሩ ነው። ጉዳዬ ግን እሱ አይደለም።

ሰዓት ሠሪው ትልቅ ሰው ናቸው። ፔንዱለሙን ገልብጠው ከሥሩ ያለችውን፣ ርዝመቱ የሚስተካከልባትን ትንሽ ዳዶ አሳዩኝ። ላይዋ ላይ ያለው የፋብሪካ ቀለም እንኳን አልተሰነጠቀም። «ይህችን ከጀርመን ከወጣች ጀምሮ ማንም አልነካትም» አሉኝ። ቀጥለው «በሳምንት ስንት ወደ ኋላ ትቀራለች?» አሉ።

መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴ ትንሽ አለፍ ይላል። እሁድ እሁድ አባዬ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ «ይሄ ሰነፍ!» እያለ ወደ ፊት የሚገፋው ያን ሩብ ሰዓት ነው። ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከውጭ የሚመጡት ሁሉ እዚህ እንዲህ ናቸው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቤት ስደርስ ወረቀት አወጣሁ። ፔንዱለም ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ርዝመቱና የመሬት ስበት። ክብደቱ የለበትም። ርዝመቱን ለስበቱ ታካፍላላችሁ፣ ስኩዌር ሩቱን ታወጣላችሁ፣ በሁለት ፓይ ታባዛላችሁ። በቃ።

ስበት ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። መሬት ስለምትሽከረከር ወገቧ ላይ ወጣ ብላለች። ወደ ምድር ወገብ በቀረብን ቁጥር ከመሃሏ እንርቃለን፣ ሽክርክሪቱም ትንሽ ያቀልለናል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥተናል። ሁሉም ተደምሮ ጀርመን ላይ 9.81 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር የሚጠጋው ስበት እዚህ 9.78 አይሞላም። በጣም ትንሽ ልዩነት ናት። ግን ፔንዱለሙ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ ያጠራቅማታል። ሳሰላው በቀን ከሁለት ደቂቃ በላይ መጣ። በሳምንት 16፣ 17 ደቂቃ።

ሩብ ሰዓት፣ ትንሽ አለፍ የሚል!

እውነት ለመናገር እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጅነቴን ሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ሲሰደብ የኖረው ያ ሩብ ሰዓት፣ ወረቀት ላይ ከስበት ሲወጣ አየሁት። እርግጥ ዘይቱ ደርቆም ሊሆን ይችላል፣ የቤታችን ሙቀትም አለ። ሁሉም የስበት ሥራ ነው ብዬ አልምልም። ግን ቁጥሩ እንዲህ ሲገጥም...

ይሄ ነገር ከእኛ በፊት ሌላ ሰው ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1672 ዣን ሪሼ የሚባል ፈረንሳዊ ኮከብ ሊመለከት ደቡብ አሜሪካ፣ ካየን ሄደ። ፓሪስ ላይ በትክክል የሚሄደው ፔንዱለም እዚያ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀረ። አሳጥሮ ማስተካከል ነበረበት፤ ያሳጠረው ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ሙቀቱ ዘንጉን አርዝሞት ይሆን የሚል ጥያቄም ተነስቶ ነበር። ኒውተን ግን በ1687 ይህንኑ መዘግየት ወስዶ መሬት ፍጹም ክብ እንዳልሆነች ለማስረዳት ተጠቀመበት። ከአንድ የዘገየ ሰዓት የመሬት ቅርጽ ወጣ! ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል። የኔዘርላንድሱ ሳይንቲስት ሃይገንስ የመጀመሪያውን የፔንዱለም ሰዓት ያሠራው በ1656 ነው። ከዚያ በፊት ጥሩ የተባለ ሰዓት በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ይስት ነበር። ሰዓቱ እስከዚያ ድረስ ባይሻሻል ኖሮ፣ የሪሼን ሁለት ደቂቃ ተኩል ማን ያያት ነበር?

ወደ አባዬ ልመለስ።

ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ቡና ይዞ ተቀምጧል። «አባዬ፣ ሰዓቱ ሰነፍ አይደለም። ቦታው ነው፣ ስበቱ ነው» አልኩት። ሁሉንም አስረዳሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ሲኒውን አስቀመጠ። እኔን አይደለም የሚያየው፣ ሰዓቱን ነው። ዝም አለ። ዝምታው ረዘመብኝ።

ከዚያ «ታዲያ ንገሪኝ» አለ። «ትክክለኛው ሰከንድ የቱ ነው? የእነሱ ነው የእኛ?»

«የሬዲዮው ነዋ» አልኩት።

«ሬዲዮውስ ከማን ሰማ?»

በቃ። ከዚያ ስለ ጎረቤት አወራን። እኔ ግን እዚያው ቀርቻለሁ። አጠያየቁ የተማሪ ጥያቄ አልነበረም። ቅር ያለው ይመስል ነበር። በማን ቅር እንዳለው ግን አልገባኝም። በሰዓቱ ይሁን፣ በእኔ ይሁን... ያን ሁሉ እሁድ ሲያርም የኖረው ስህተት ስህተት አይደለም ስለተባለ ይሁን። ፊቱን ደጋግሜ አስታውሳለሁ። ከሰዓቱ ዞር ሲል ፈገግ ያለ መሰለኝ። አሁን ግን እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም።

ድሮ በገጠር ሰው ቆሞ ጥላውን በራሱ እግር እየለካ ሰዓት ያውቅ ነበር፣ አይደል? ቄሶች ለጾም ሰዓት ይጠቀሙበት ነበር። እሱን ሳስብ አመሸሁ። ረጅም ሰው ረጅም ጥላ አለው፤ እግሩም ግን ረጅም ነው። የሰው ቁመት ከእግሩ ከስድስት እስከ ሰባት እጥፍ ስለሆነ፣ አጭርም ረጅምም ሰው በአንድ ሰዓት ላይ ተቀራራቢ ቁጥር ይቆጥራል። እንዴት የሚያምር ሂሳብ ነው! እዚያ የእነሱ የእኛ የሚባል ነገር የለም። ፀሐይዋ የቆምክበት ቦታ ፀሐይ ናት።

ለአባዬ መልሱ ይሄ ነው ልል ነበር። ግን ፀሐይም እኩል አትሄድም። የመሬት ምህዋር ሞላላ ነው፣ ዛቢያዋም ያዘነበለ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ፀሐይ ሰዓታችንን 16 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። እዚህም ሩብ ሰዓት መጣብኝ።

እሺ፣ የዘመኑ ሰከንድስ? እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ሰከንድ የሚለካው በሲዚየም አቶም ነው፤ 9,192,631,770 ንዝረት። ሬዲዮውም ዞሮ ዞሮ የሚሰማው ከእነዚህ ሰዓቶች ነው። አቶሙ ዳዶ የለው፣ ዘይት የለው። ይሄን ይዤ ልሄድ ጫማ አድርጌ ነበር።

ከዚያ አንስታይን ትዝ አለኝ። ከባህር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር ጊዜ ራሱ በጥቂቱ ይፈጥናል። የአቶም ሰዓት አዲስ አበባ ብታስቀምጡ ባህር ዳርቻ ካለው በቀን 22 ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ያህል ይቀድማል። በመቶ ዓመት አንድ ሺህኛ ሰከንድ አይሞላም፣ ማንም አይጎዳም። ግን አያችሁ? ፔንዱለሙ እዚህ ሲመጣ ይዘገያል። አቶሙ እዚህ ሲመጣ ይፈጥናል። ፔንዱለሙን ስበት ነው የሚገፋው፣ እሱ ይገባኛል። የአቶሙ ግን የሰዓቱ አሠራር አይደለም፣ ጊዜው ነው። የዓለም ሰዓትም ከባህር ጠለል አንጻር እየታረመ ነው የሚቀመረው። ስለዚህ ሬዲዮው የሰማው የባህር ጠለልን ሰከንድ ነው። እኛ ደግሞ ባህር ጠለል ላይ አይደለንም።

ይሄን ብነግረው «እና የእኛው ልክ ነበር?» ይለኛል። እኔ ደግሞ... ለእኛ አዎ፣ ግን ያኛውም ለእነሱ... አይ፣ ይሄ መልስ አይደለም። ፊዚክስ የምታስተምሩ አድማጮች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለአባቶቻችሁ እንዴት ብላችሁ ነው የምታስረዱት? ጻፉልኝ። ዳዶዋንም ገና አላጠበቅኳትም። ሰዓት ሠሪው ላስተካክላት ሲሉኝ ቆይ አልኳቸው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። አባዬን መጠየቅ አለብኝ መሰለኝ፣ ግን ከጠየቅኩት ደግሞ...