ወራጅ አለ

እሺ፣ እየቀረፀ ነው። ቀዩ በርቷል። የድምፁ ሰውዬ ዛሬ የለም፣ ስለዚህ ከኋላ የሚጮኸው የጎረቤቴ ውሻ ነው። ያው ታውቁታላችሁ። ከእኔ ይልቅ ሰላም የሚባለው እሱ ሆኗል።

የቤት ኪራዩን ጉዳይ ክፍል ሁለት ልነግራችሁ ነበር። ይቆይ። አከራዬም መስማት ጀምረዋል አሉ።

ከወሎ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ነገር እየተመላለሰ አስቸግሮኛል። ልተኛ ስል ይመጣል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ይመጣል። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ሽማግሌ ከመኪና ወረዱ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ይኸው ከሆነ ታዲያ ምን ያስለፈልፈኛል?

ቆይ ግን፣ መጀመሪያ መልእክት የላካችሁልኝ አላችሁ። «ወሎ እንዴት ነው የሚኬደው? በአየር ይሻላል በመኪና?» ቶሎ ብዬ ልለፈው። በአየር ከሆነ ኮምቦልቻ ነው የምታርፉት። ላሊበላ የራሱ ማረፊያ አለው፣ ደሴ ግን የላትም። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ያውም ሽቅብ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500። የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ጆሯችሁ ይደፈናል። ከታች በሸሚዝ የነበረው ሰውዬ ከላይ ጋቢ ሲፈልግ ታያላችሁ።

በመኪና ከሆነ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎሜትር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ትንቀጠቀጣላችሁ። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ትገባላችሁ። ከዋሻው ስትወጡ ገደሉ ነው፣ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ከዚያ ቁልቁል ደብረ ሲና። ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራብ ይወልቃል። ከሚሴ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ትገዛላችሁ፣ ውሃው ግን ቀዝቃዛ አይደለም። እና «ባቡር አለ ሲባል ሰማሁ» ያልሽኝ ልጅ፣ የኔ እናት፣ ሐዲዱ አለ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ ድረስ የታቀደ ነው፣ 390 ኪሎሜትር ገደማ። ድልድዩን ታያለሽ፣ ዋሻውን ታያለሽ። የሚሳፈሩበት ባቡር ነው የጠፋው። ደሴ ሙጋድ ያለችው አክስቴ «እሱ እስኪመጣ እኔ እሄዳለሁ» ትላለች። ወዴት እንደምትሄድ ስጠይቃት ትስቃለች።

መረጃው ይኸው ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁን ወሎ የሚሄድ ሰው ኪሎሜትር አይጠይቅም። ድሮ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ነበር። አሁን «መንገዱ ሰላም ነው?» ነው። መልሱ ደግሞ የትም ተጽፎ አይገኝም። ደሴ ያለው ሐይቅ ይደውላል፣ ሐይቅ ያለው መርሳ ይደውላል፣ መርሳ ያለው ወልድያ ያለች እህቱን ይጠይቃል። እሷ ደግሞ ገበያ ወጥታ ስልክ አታነሳም። ሹፌሮቹም የራሳቸው አላቸው። ከፊት የሚመጣው መብራት ብልጭ ያደርጋል። ወይ እጁን በመስኮት አውጥቶ መዳፉን ወደ መሬት ጫን ጫን ያደርጋል፣ ቀስ በል ማለቱ ነው። አንዳንዴ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ሞተር ሳያጠፉ። «እንዴት ነው ከላይ?» «ሰላም ነው፣ ሂድ።» በዚያች ሦስት ቃል አንድ መኪና ሙሉ ሰው ይሄዳል።

እሺ። ወደ ነገሬ።

ከደሴ ወልድያ ነበርኩ፣ በሚኒባስ። 120 ኪሎሜትር ነው፣ ሩቅ አይደለም። ወልድያ አድሬ በማግስቱ በድልብ ወጥቼ፣ ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ታጥፌ ላሊበላ ልገባ ነው ሐሳቤ። «ለምን በአውሮፕላን አልሄድሽም?» የምትሉኝን አውቃችኋለሁ። እናቴም ብላኛለች። በመስኮት ማየት ስለምፈልግ ነው። አስራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማየት የሚመጣ የውጭ ሰው በአየር መጥቶ በአየር ይመለሳል። መብቱ ነው። ግን አምባሰልን ሳያይ ወሎን አየሁ ይላል። አምባሰል ተራራ ነው እኮ፣ ቅኝት ብቻ አይደለም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም ነው ያላቸው፣ አምባሰልና ባቲ። ባቲ ከተማ ናት፣ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ የሚቆም። አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ይወርድበታል። ሹፌራችን መንዙማ ከፍቶ ነበር የተነሳው። ቦሩ ሜዳን ስናልፍ ወደ ትዝታ ቀየረው። ሐይቅ ላይ መልሶ መንዙማ። ማንም አልጠየቀው፣ ማንም አልተቃወመው። እኔ ስለዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ክፍል ልሠራ እችላለሁ። አልሠራም፣ አትፍሩ።

ሐይቅ። ውሃው በቀኝ በኩል ነው። እስጢፋኖስ ገዳም አለ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት። ሴት አይገባም፣ ስለዚህ እኔ ከዚህም በላይ ልነግራችሁ አልችልም። እዚያ ነው ሽማግሌው የተሳፈሩት። ጋቢና ገቡ። ነጭ ኮፍያ፣ ሽርጥ፣ ጭናቸው ላይ አምስት ሊትር ዘይት በቢጫ ጀሪካን። ጀሪካኑ ክዳን አልነበረውም፣ በፌስታል ነው የታሰረው። መኪናው ሲዘል በመዳፋቸው አፉን ይይዙታል። እኔ ከጀርባቸው ነኝ፣ የማየው አንገታቸውንና ያቺን እጅ ነው። ሹፌሩ «ሼኽዬ» አላቸው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም በልባችን ሼኽዬ አልናቸው።

ውጫሌ ስንደርስ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ውጫሌ ሲባል ሰው ውሉን ነው የሚያስበው፣ 1881፣ ምኒልክና ጣሊያን። ለእኔ ከአሁን በኋላ ሌላ ነገር ናት። የሹፌሩ ስልክ ጠራ። ሰማ። «እሺ፣ እሺ» አለ። ዳር ይዞ ቆመ። ከዚያ ሞተር አጠፋ።

ሞተር ሲጠፋ የተኛው ሁሉ ይነቃል።

«ከፊት ጥሩ አይደለም እያሉ ነው» አለ። ማን ነው ያለው? የት ጋር? አልጠየቅንም። መንገዱን ማን እንደዘጋው የሚጠይቅ ሰው እንደሌለ ልብ በሉ። የተጠየቀው «እንሂድ ወይስ እንደር?» ብቻ ነው። አንዱ ልጅ ጠዋት ወልድያ ሥራ አለብኝ አለ። ነጋዴው ጣሪያ ላይ ዕቃ ጭኛለሁ፣ ዕቃ ጭኖ ውጭ ማደር ምን ማለት ነው አለ። ከጎኔ ያሉት ባለ ነጠላ እናት እህታቸው ታማለች። ሹፌሩ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ የያዝኩት መኪናዬን ነው፣ እናንተ ነፍሳችሁን። እናንተ እንዳላችሁ።»

እናንተ እንዳላችሁ! ከዚያ በኋላማ አለቀ። እሱ ለእኛ ጣለው፣ እኛ ለእሱ። «አንተ መንገዱን ታውቀዋለህ።» «እናንተ ካላችሁ እሄዳለሁ።» «እኛማ አንተ ካልክ…» እኔንም ጠየቀኝ፣ በመስታወት እያየ፣ «አንቺስ እህቴ?» «ሌሎቹ እንደሆኑ እሆናለሁ» አልኩ። ደግሞ የምሬን ነው፣ ምን ልበል? አንድ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈን። ሁላችንም በዓይናችን ሸኘነው። ማንም ምንም አላለም።

ክርክሩ ረዘመ። ሊመሽ ነው። በመጨረሻ ሹፌሩ ዞረና «ሼኽዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላቸው። እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ አላሉም።

ይቺ ናት እንግዲህ የምትመላለስብኝ።

ቶሎ አልመለሱም። ጀሪካኑን አነሱ። የፌስታሉን ቋጠሮ ነካ ነካ አደረጉ። «እኔ ልውረድ» አሉ። በሩን ከፈቱ፣ ወረዱ፣ በቀስታ ዘጉት። ከዚያ መኪናውን ነኩት። ረዳት «ሂድ» ሲል እንደሚመታው አይደለም። መዳፋቸውን ሙሉውን ቆርቆሮው ላይ አሳረፉት፣ ሰው የጫነውን አጋሰስ ጭነቱ እንደረጋ ለማወቅ እንደሚነካው። ትንሽ ቆዩ። ወደ እኛ አዩ። ያዩ መሰለኝ። መስታወቱ ላይ ፀሐይ ነበር፣ ምናልባት ራሳቸውን ነው ያዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቅሷል፣ ዱዓ ይሁን ሌላ አልሰማሁም። ሄዱ።

ባለ ነጠላዋ እናት «ሼኹ ከወረዱማ» አሉ። ዘንቢላቸውን አነሱ። ነጋዴው እየተነጫነጨ ተከተለ። ከዚያ ሁላችንም። ወልድያ ሥራ ያለበት ልጅ መጨረሻ ወረደ። ክርክሩ በአንድ ደቂቃ ሞተ።

አደርን። አልጋ ተገኘ፣ ከእናታችን ጋር አንድ ክፍል። የሆቴሏ ልጅ ቡና አፈላችልን። እናታችን ሲኒውን ተቀብለው «ኸይር ነው፣ ኸይር ነው» ይላሉ፣ አንገታቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ። እህታቸውን ደውለው አገኟት፣ ደህና ናት። «አየሽ ልጄ፣ ለበጎ ነው። ሼኹ ያወቁት ነገር አለ።» እኔም አመንኩ። በጣም ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ፣ እውነቴን ነው።

ጠዋት ረዳቱ መኪና ያጥባል። «ሼኽዬ አይመጡም እንዴ?» አልኩት። አየኝ። «የት?» አለ። «ወልድያ ነዋ።» ሳቀ፣ ጨርቁን እስኪጥል ሳቀ። «እሳቸው እኮ ቤታቸው እዚህ ነው። ከሐይቅ ውጫሌ ነው የከፈሉት።»

ወራጅ ነበሩ! በቃ፣ ወራጅ! መድረሻቸው ነው፣ ወረዱ። እኛ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው እንደ ፈትዋ ወሰድነው።

ሳቅኩ። መንገድ ላይ ስስቅ ነበር፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ሲሪንቃ። መንገዱ ጭር ያለ ነበር፣ ሰላም ነበር፣ ፍየል ብቻ። ወልድያ ደረስን። ለእናታችን ግን አልነገርኳቸውም። ለምን እንደሆነ እንጃ። እህታቸው በር ላይ ቆማ ነበር።

ከዚያ ላሊበላ ገባሁ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳል፣ እኔ የማስበው ምን መሰላችሁ? ውጫሌ መድረሻቸው ከሆነ፣ መኪናው እንደቆመ ለምን አልወረዱም? ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ተቀመጡ? በሩ ከጎናቸው ነው። ዘይቱ ጭናቸው ላይ ነው። ቤታቸው እዚያ ነው። ክርክሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ እስኪጠየቁ ቆዩ፣ ከዚያ ወረዱ።

ረዳቱን ጠይቄዋለሁ፣ እዚያው ሳለን። «መልስ ነበራቸው፣ ዝርዝር እስካገኝ ነው የጠበቁት» አለ። ሊሆን ይችላል። ሰጥተሃቸዋል? ስለው «አላስታውስም» አለ። ስለዚህ መልስ ሳይቀበሉ ነው የወረዱት ማለት ነው? ወይስ ተቀብለው? ምናልባት ሰው ሲጨቃጨቅ አቋርጦ መውረድ ነውር መስሏቸው ይሆናል። ምናልባት ወሬው ጥሟቸው ነው። የእኔ አያት ቢሆን ለወሬው ነበር የሚቀመጠው፣ አላህም ይወቀው እግዜርም ይወቀው።

ወይም ደግሞ «እኔ ልውረድ» ካሉ ምን እንደምናደርግ ያውቁ ነበር። «እደሩ» ብለው ቢመክሩንና ከፊት ምንም ባይኖር፣ ነጋዴው ይረግማቸዋል። «ሂዱ» ቢሉንና አንድ ነገር ብንሆን… ስለዚህ ወረዱ። ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል። ከዚያ ደግሞ እናደዳለሁ። በእሳቸው አይደለም። 60 ኪሎሜትር ለመሄድ የሽማግሌ መዳፍ ማንበብ ያለብን በምን ዕዳችን ነው? አስፋልቱ አለ፣ ነዳጁ አለ፣ ሹፌሩ አለ። የሌለው «ሂዱ» የሚል ሰው ነው። ኧረ ተዉት፣ እዚህ ውስጥ አልገባም፣ የድምፁ ሰውዬ ቢኖር ኖሮ እጁን ያወዛውዝ ነበር።

ሲኖትራኩስ? ያ ጥሩምባ ነፍቶ ያለፈን። ወልድያ መናኸሪያ አካባቢ ሁለት ሦስት ሲኖትራክ ቆሞ አይቻለሁ፣ ግን ሲኖትራክ ሁሉ አንድ ነው፣ ታርጋውን አልያዝኩትም። ደርሷል ብዬ ነው የማስበው።

የረዳቱ ስልክ አለኝ። ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጥቶኛል፣ «ስትመለሺ ደውይ» ብሎ። የሼኹን ቤት ያውቀዋል፣ ከመንገዱ ዳር ነው ብሎኛል። ደውዬ አገናኘኝ ልለው እችላለሁ። ግን ምን ብዬ ነው የምጠይቃቸው? «አባባ፣ ያን ቀን ለምን ቶሎ አልወረዱም?» ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ደግሞ «የትኛውን ቀን?» ቢሉኝስ? ያን ቀን እኛን ጨርሶ ባያስታውሱንስ…

አክስቴ ለመውሊድ ነይ ብላለች፣ ጎረቤቶቿ ደግሰዋል። በአየር ይሁን በመኪና ገና አልወሰንኩም። በመኪና ከሆነ ከደሴ ውጫሌ ድረስ ልዝለቅ ብዬ አስባለሁ፣ ከዚያ ደግሞ…