የእናትና የአባቱ ዘር ያልታወቀ ውሻ አይዳቀል፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የእንስሳት ሐኪሞች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በእጃችሁ የያዛችሁት ረቂቅ ደንብ ስለ ጀርመን ሼፐርድ ውሻ እርባታ ነው። ብዙዎቻችን የምናረባው እሱን ስለሆነ ከእሱ እንጀምር ብለናል። ረቂቁ ስለ ቡችላ መልክ ብዙም አይናገርም፤ ከድቀላው በፊት ስለ እናትና አባት ምን ታውቃላችሁ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ዝምድናን እናስቀድም። ለልጆቻችን ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ለውሾቻችን ግን ሁለት ቤት የሚቆጥር ጥቂት ነው። አንድ ያማረ ወንድ ውሻ ሲገኝ የአካባቢው ሴት ሁሉ ወደ እሱ ትመጣለች። ከሁለት እናቶች የወለዳቸው ቡችሎች ለማይተዋወቁ ሰዎች ይሸጣሉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ገዢዎቹ ተደዋውለው ያዳቅሏቸዋል፤ በአባት ወንድምና እህት መሆናቸውን የሚያውቅ የለም። ከዚህ ድቀላ የሚወለዱት የዝምድና መጠናቸው 12.5 በመቶ ነው። አባት ከልጁ ወይም ወንድም ከእህቱ ከሆነ 25 በመቶ፣ የአጎት ልጆች ከሆኑ 6.25 በመቶ ይሆናል። ቁጥሩ የሚለካው ቡችላው ያንኑ ዘረ መል በእናትም በአባትም በኩል የመውረስ ዕድሉን ነው፤ ድብቅ ጉድለት የሚገለጠውም በዚህ መንገድ ነው። የሚወለዱት ቁጥር ያንሳል፣ ደካሞች ሆነው ይወለዳሉ።

ይህ ስሌት አያቶቹ አይዛመዱም ብሎ የሚነሳ ነው። ዝርያው ግን ከመነሻው ጠባብ ነው፤ ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ እ.ኤ.አ. በ1899 የዝርያውን የጀርመን ማኅበር ሲመሠርት በመዝገቡ ቀዳሚ በሆነው ሆራንድ በተባለው ውሻና በቅርብ ዘመዶቹ ላይ ነው የተገነባው። ስለዚህ እውነተኛው መጠን ከስሌቱ ይበልጣል። ውሾችን የሚመዘግበው የብሪታኒያው ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የወላጅና የልጅ፣ የወንድምና የእህት ድቀላ ውጤቶችን አይመዘግብም። የእኛ ረቂቅ የሦስት ትውልድ ሐረግ በጽሑፍ እንዲቀርብና ከ6.25 በመቶ በላይ የሆነ ድቀላ እንዳይመዘገብ ይላል።

ወደ ዳሌ እንምጣ፤ መገጣጠሚያው ላልቶ ወይም ጥልቀት አጥቶ ስለሚበላሽበት፣ በዘርም ስለሚወርድ ችግር ማለቴ ነው። «ውሻዬ አያነክስም» ማለት ማስረጃ አይደለም፤ መገጣጠሚያው የላላ ወጣት ውሻ ለዓመታት ሳያነክስ ሊሮጥ ይችላል። ማስረጃው ራጅ ነው፤ እሱም በትክክል ከተነሳ። ውሻው በመድኃኒት ተኝቶ፣ በጀርባው ተንጋልሎ፣ የኋላ እግሮቹ እኩል ወደ ኋላ ተዘርግተው፣ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ዞረው መነሳት አለበት። ሳይተኛ ከተነሳ ጡንቻውን ወጥሮ የላላውን ዳሌ ጥብቅ ያስመስለዋል። ዳሌው ትንሽ ካዘነበለ ደግሞ አንዱ ወገን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጥልቀት ያጣ ይመስላል። የማይክሮቺፕ ቁጥር ያልታተመበትን ፊልም አንቀበልም፤ የማን ዳሌ እንደሆነ በምን እናውቃለን? የጀርመኑ ማኅበር ከ12 ወር ጀምሮ ይቀበላል፤ የአሜሪካው የአጥንት ምዘና ድርጅት የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው በ24 ወር ነው። እኛ ሁለተኛውን መርጠናል።

ዳሌ ግን በዘር ብቻ አይበላሽም። ቶሎ እንዲገዝፍ ተብሎ ያለ ልክ የሚመገብና የካልሲየም ዱቄት የሚጨመርለት ቡችላ አጥንቱ ይጎዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንጀቱ ትርፉን ካልሲየም ማስቀረት አይችልምና። የዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን መለኪያ ለወንድ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ክብደት ነው። «ሃምሳ ኪሎ ገባልኝ» የሚባለው እንግዲህ ከመለኪያው መውጣት እንጂ ሙገሳ አይደለም።

በዚህ ዝርያ የኋላ እግርን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድ የአከርካሪ በሽታም አለ። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ውሻው ዘሩን በትኖ ጨርሷል። ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና አስቀድሞ ይመረመራል። ሁለት ተሸካሚዎች፣ ማለትም ጉድለቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱ ውሾች፣ ከተዳቀሉ ከአራቱ አንዱ ለበሽታው ተጋላጭ ይሆናል፤ ተሸካሚ ከንጹህ ጋር ከሆነ ግን ተጋላጭ አይወለድም። ስለዚህ ተሸካሚ ተገኘ ብላችሁ ከእርባታ አታስወጡ። ውሾቻችን ጥቂት ናቸው፤ ጥሩውን ሁሉ ካስወጣን ተመልሰን ዝምድና ውስጥ እንወድቃለን።

ስለ እናት፦ ከ24 ወር በፊት አትዳቀል፣ በሕይወቷ ከአራት ጊዜ በላይ አትውለድ። ቡችሎች ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናታቸው አይለዩ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ የትል መድኃኒት ይሰጣቸው። እዚህ ላይ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም።

የሚያከራክረን አንድ ወንድ በዓመት ከአራት ሴት በላይ እንዳይዳቀል የሚለው አንቀጽ 7 ነው። የማዳቀያ ክፍያ ወይም የቡችላ ድርሻ ለአንዳንዶቻችን መተዳደሪያ መሆኑን አውቃለሁ። በአንጻሩ ቅድም ያነሳሁት የማይተዋወቁ ገዢዎች ነገር መነሻው እዚሁ ነው። ከምሳ በፊት በእሱ ላይ ብቻ ተወያይተን ድምፅ እንድንሰጥ እጠይቃለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ጸሐፊያችን ረቂቁን ያንብቡልን።